ጊታሩ ይነዝረኛል፤ ዛሬ ማታ 1 ሰዓት መጫወት አለብኝ! ፒክአፕ የት ይሸጣል?

የሳቢያኑ ጀማሪ (7፡10)
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) የሚሸጥበትን ቦታ የምታውቁ ንገሩኝ። ዛሬ ማታ በአክስቴ ልጅ የመልስ ግብዣ ላይ «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር»ን እንደምጫወት ቃል ገብቻለሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ የተለማመድኩት እሱን ብቻ ነው። አሁን ለመጨረሻ ልምምድ ስሰካው ጊታሩ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። ክሩን ስነካው ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ልዘፍን አፌን ወደ ማይክሮፎኑ ሳስጠጋ ደግሞ ከንፈሬን ነዘረኝ፤ ብልጭታም አየሁ። ፒክአፑ ተቃጥሏል ማለት ነው አይደል? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

ባለ ክራሩ (7፡16)
ከከዚራ እስከ መጋላ ብትዞር ሽርጥ፣ ሽቶና ሐልዋ አታጣም። ፒክአፕ ያልከውን ግን ባለሱቁ የጭነት መኪና መስሎት ዋጋ ይጠራልሃል። ደግሞስ ለመልስ ግብዣ ይህ ዘፈን ምን ይሠራል? ስሙ «ጭስ በውሃ ላይ» ማለት ነው። ሙሽሮቹ የሚፈልጉት ጭፈራ ነው፤ ጭሱ ከወጥ ቤት ይበቃቸዋል።

ፎይል ለባሹ (7፡19)
የጊታሩን ሆድ ክፈትና ውስጡን በአሉሚኒየም ፎይል ልበጠው። የእኔ እንዲያ ካደረግሁት ወዲህ ጸጥ ብሏል።

የድሮው ጊታሪስት (7፡31)
ልጄ፣ መጀመሪያ የምትጫወተውን እወቅ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሩ ከተማ የሚገኘው ካዚኖ በፍራንክ ዛፓ ኮንሰርት መካከል ተቃጠለ። የዘፈኑ ባለቤት የሆኑት የሮክ ባንዱ ዲፕ ፐርፕሎች አልበም ሊቀርጹ እዚያው ከተማ ነበሩና ጭሱ በጄኔቫ ሐይቅ ላይ ሲንሳፈፍ አዩት። ዘፈኑ በ1972 በወጣው «ማሽን ሄድ» አልበም ውስጥ ገባ። አሁን ወደ እጅህ እንምጣ። የባንዱ ጊታሪስት ሪቺ ብላክሞር ያንን መግቢያ በፒክ (በክር መምቻ ቁራጭ) አይመታውም፤ ሁለት ክሮችን በሁለት ጣቶች በአንድ ጊዜ ይነቅላቸዋል። ከታች የቆመው ድምፅና ከላዩ ያለው በአራተኛ ርቀት (በድምፅ መሰላሉ ላይ አንዱ ከሌላው አራተኛ ሆኖ) ይሄዳሉ፤ ያ ባዶነት ያለው ኃይል የሚመጣው ከዚህ ነው። ጀማሪ ሁሉ ግን ፒክ ይዞ ሙሉ ኮርድ (ብዙ ክር በአንድ ጊዜ) ይደበድባል። ለጀማሪ የሚቀለው አራተኛውንና ሦስተኛውን ክር አብሮ መያዝ ነው (ቁጥሩ ፍሬቱን፣ ማለትም አንገቱ ላይ ያለውን የብረት መስመር ይነግርሃል)፦ ባዶ፣ 3፣ 5፤ ባዶ፣ 3፣ 6፣ 5፤ ባዶ፣ 3፣ 5፣ 3፣ ባዶ። በሁለተኛው ዙር ላይ ስድስተኛዋን ፍሬት አትዝለላት። ብዙዎቻችሁ ትዘሏታላችሁ፤ ዜማው የሚገረፈው እዚያች ላይ ነው።

የሳቢያኑ ጀማሪ (7፡38)
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ ስድስተኛዋን እስከ ዛሬ እዘላት ነበር፣ አልዋሽዎትም። ጥያቄዬ ግን ስለ መንዘሩ ነው። ፒክአፕ የት እንደሚሸጥ ማንም አልነገረኝም።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሐረር (7፡40)
መጀመሪያ ሁሉንም ከግድግዳ ንቀል። ነቀልክ? ከዚያ እነዚህን መልስልኝ። የአምፕሊፋየሩ ሶኬት ስንት እግር አለው? የማይክሮፎኑ ማሽን የተሰካው የት ነው? ስትጫወት የቆምክበት ወለል ምንድን ነው? ጫማ አድርገሃል?

አጭር መፍትሔ (7፡42)
ወንድሜ፣ አትጨነቅ። ሦስት እግር ካለው መካከለኛውን ቁረጠው። እኔ ቆርጬው ጩኸቱ ወዲያው ጠፍቷል።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሐረር (7፡43)
ይህን የጻፍከው ሰው እባክህ አጥፋው። ጩኸቱ የጠፋው ሰውን የሚጠብቀው መስመር ስለተቆረጠ ነው።

አጭር መፍትሔ (7፡45)
አምስት ዓመት ተጫውቼበታለሁ፤ አልሞትኩም።

ባለ ክራሩ (7፡46)
የሞቱት እዚህ ገብተው አይጽፉምና ክርክሩን ታሸንፋለህ።

የሳቢያኑ ጀማሪ (7፡52)
ነቅያለሁ። አምፕሊፋየሩን አጎቴ ከጅቡቲ ያመጣልኝ ነው፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግሮች አሉት። ከእኛ ግድግዳ ጋር ስለማይገጥም ሁለት ክብ እግር ባለው ማገናኛ ነው የምሰካው። ሰው ሁሉ እንዲያ ስለሚያደርግ መጻፉ አልታየኝም። የማይክሮፎኑ ማሽን ከሌላ ክፍል በዲቫይደር ተስቦ የመጣ ነው። ጫማ የለኝም። የድሬን ሙቀት ታውቃላችሁ፤ ወለሉን ለማቀዝቀዝ ውሃ ረጭተንበታል።

ባለ ክራሩ (7፡53)
ባዶ እግር፣ እርጥብ ወለል፣ ላብ ያራሰው እጅ። ሻማ ብቻ ነው የቀረህ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሐረር (8፡09)
እንግዲህ ስማኝ። ጊታርህ ደህና ነው። ፒክአፕ ማግኔትና የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ ሰው የመንዘር አቅም የለውም። ፒክአፕ መፈለጉን ተው።

የጊታር ክሮች ክሩ በሚያርፍበት ብረት በኩል ከጃኩ (ገመዱ ከሚሰካበት ቀዳዳ)፣ ከዚያም ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር የተያያዙ ናቸው። ክር ነካህ ማለት ያንን ብረት ነካህ ማለት ነው። ብረቱ ደግሞ በሦስተኛው እግር በኩል ከመሬት ጋር መገናኘት ነበረበት። ያንተ ማገናኛ ሦስተኛውን እግር ተቀብሎ የትም አያደርሰውም። በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ ረብሻ የሚያጣሩ ካፓሲተሮች አሉ፤ ብረቱ መሬት ሲያጣ ወደ መስመሩ ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት አካባቢ ያነሡታል። በዚያ መንገድ የሚያልፈው ጅረት ትንሽ ነው፤ ይነዝርሃል እንጂ አይዝህም። ነገር ግን ውስጡ ያለው ሽቦ ተልጦ ብረቱን ነክቶ ከሆነ የሚጠብቅህ ሙሉው 220 ቮልት ነው። ሁለቱን በጣትህ ስሜት መለየት አይቻልም፤ አትሞክረው።

ማይክሮፎኑ በሌላ መስመር በኩል መሬት አግኝቷል። እጅህ ክር ላይ፣ ከንፈርህ ማይክሮፎን ላይ ሲሆን በሁለቱ መካከል ያለኸው ሽቦ አንተ ነህ፤ መንገዱም በደረትህ ያልፋል።

የድሮው ጊታሪስት (8፡15)
እውነቱን ነው የነገረህ። የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ በ1972 እ.ኤ.አ. ስዋንሲ ውስጥ ሕዝብ ፊት መድረክ ላይ የሞተው መሬት ያልነበረው ማይክሮፎን ነክቶ ነው። የያርድበርድስ ድምፃዊ የነበረው ኪት ሬልፍ በ1976 ቤቱ ውስጥ ጊታር ሲጫወት በኤሌክትሪክ ሞተ። የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስ ደግሞ በ1965 ሳክራሜንቶ ላይ ጊታሩ የማይክሮፎኑን ማቆሚያ ነክቶ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ የጎማ ሶል ያለው ጫማ አተረፈው ይባላል።

ባለ ክራሩ (8፡17)
ስለዚህ ኮንጎ ጫማ ግዛ። ከሱፍ ልብስ ጋር ያምርብሃል።

ፎይል ለባሹ (8፡20)
ፎይሉን ሞከርከው?

የሳቢያኑ ጀማሪ (8፡24)
በጣም ፈራሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? ቤተ ዘመዱ ሁሉ ሰምቷል፤ እናቴ ለጎረቤት ሳይቀር ተናግራለች።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሐረር (8፡41)
ገና ጊዜ አለህ። ማገናኛውን ጣለው። በአካባቢህ ያለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥራና የአምፕሊፋየሩን ጠፍጣፋ ሶኬት ቆርጦ፣ ክብ እግር ያለውንና በጎኑ የብረት ንክኪ ያለበትን ይግጠምልህ። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ አምፕሊፋየሩንና የማይክሮፎኑን ማሽን ከአንድ የግድግዳ ሶኬት በአንድ ዲቫይደር ስካቸው፤ ዲቫይደሩም ያንን ንክኪ የያዘ ይሁን። ሁለቱ በአንድ መሬት ላይ ሲሆኑ በከንፈርህና በክሩ መካከል ልዩነት አይኖርም።

ግድግዳው ላይ ንክኪው ስለታየ ብቻ አትመን፤ ከጀርባው ሽቦ የሌለው ሞልቷል። ሠራተኛው በመለኪያ ያረጋግጥ፤ ጫፉ የሚበራው ቴስተር ለዚህ አይበቃም። ሽቦ ቢኖርም፣ እሱ የሚያልቅበትና መሬት ውስጥ የተቀበረው ዘንግ ችላ ተብሎ ይሆናል፤ የድሬ አፈር ደግሞ ደረቅና አሸዋማ ስለሆነ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አይቀበልም። መሬት ከሌለ «ከኒውትራሉ (ከመስመሩ መመለሻ ሽቦ) ጋር ላገናኘው» የሚል ሰው ይመጣል፤ መልሰህ ላከው። ኒውትራሉ አንድ ቀን ሲበጠስ ብረቱ ሁሉ 220 ይሆናል።

እስከ ማታ ካልተሳካ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ተዋስ፤ በእሱም አንተ ጊታሩን ብቻ ተጫወት፣ ዘፈኑን ሌላ ሰው ማይክሮፎኑን ይዞ ራቅ ብሎ ይዝፈን። መሬት የሌለውን ይህን አምፕሊፋየር ግን በፍጹም አትሰካው። የማይክሮፎን ስፖንጅ ከንፈርህን ያርቃል፤ መፍትሔ ግን አይደለም። ወለሉን አድርቁ፤ ጫማ አድርግ።

ስለ ጩኸቱ፦ መሬት ሲያገኝ ክሩን ስትነካ ይቀንሳል፤ ጤነኛ ጊታር እንዲያ ነው። ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ከሆነ ትንሽ ማጉረምረም ይቀራል፤ የመስመሩ 50 ኸርዝ ነው። ጊብሰን በ1957 እ.ኤ.አ. ባለ ሁለት ጥቅሉን ያወጣው ይህንኑ ለማጥፋት ነበር። የፎይሉ ወንድማችን ያለው ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ፎይሉም ከመሬት ጋር ካልተገናኘ የምግብ መጠቅለያ ነው።

ፎይል ለባሹ (8፡44)
እኔ ከሁሉ ቀድሜ ነው የተናገርኩት።

አጭር መፍትሔ (9፡02)
የእኔ የተቆረጠ ነው ብያለሁ። አሁን ተመልሶ ይቀጠላል?

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሐረር (9፡05)
አይቀጠልም፤ ሙሉ ሶኬት ቀይር። ዛሬውኑ።

ድልድይ ማዶ (ማታ 2፡50)
የጀማሪው ነገር ምን ደረሰ? ከቀኑ 8፡24 ወዲህ አልጻፈም።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሐረር (ማታ 2፡58)
እኔም እየጠበቅሁ ነው። ወንድሜ፣ አንድ ቃል ጻፍልን።

የድሮው ጊታሪስት (ማታ 3፡20)
አንድ የማውቀው ሰው ሳቢያን አካባቢ ድንኳን አጠገብ ሆኖ ደወለልኝና ስልኩን ወደ ሙዚቃው አዞረልኝ። ያ መግቢያ ሦስት ጊዜ ተጀመረ፣ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፣ በአራተኛው አለፈ። እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም። ስድስተኛዋን ፍሬት ግን አሁንም ዘልሏታል።