የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ሲፈተሽ ግፊቱ ሌሊት ለምን ይወርዳል?
ባሕር ዳር፣ ሽንብጥ አካባቢ የምናሠራው ቤት የመጨረሻ ቁጥጥር ስለተቃረበ፣ ግድግዳው ሴራሚክ ከመልበሱ በፊት የመታጠቢያ ቤቱን የፒፒአር (የፕላስቲክ ዓይነት) ቧንቧ ውኃ ሞልተን በእጅ ፓምፕ እስከ 10 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) እየፈተሽነው ነው። መውጫዎቹ ሁሉ ተደፍነዋል፤ አየሩም በሻወሩ መውጫ በኩል እንዲወጣ ተደርጓል። ሆኖም ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ 10 ላይ የቆመው መለኪያ ሲነጋ 8 ላይ ይገኛል፤ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ አይታይም። የፕላስቲክ ቧንቧ በግፊት እንደሚለጠጥ፣ ውኃው ሲቀዘቅዝም ግፊቱ እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ የቸገረኝ ይህን ከስውር ፍሳሽ መለየቱ ነው። የፓምፑ ቫልቭ ራሱ ውኃ ይመልስ ይሆን የሚል ጥርጣሬም አለኝ። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ግድግዳ ማፍረስ ለቤተሰባችን እጅግ ከባድ ነውና፣ ሙያው ያላችሁ ወገኖች እባካችሁ ንገሩኝ፦ በማለዳ ደግሜ ሞልቼ ለአጭር ጊዜ ብከታተለው ይበቃል ወይስ የሙቁንና የቀዝቃዛውን መስመር ለየብቻ ልፈትሽ?