ከአስታ ጫካ ሥር የነበረው ጥቁር አፈር ለምን ቶሎ ይደክማል?

የደባርቅ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አፈር የምታውቁ ካላችሁ እስቲ እርዱኝ።

ቤተሰቦቼ ከደባርቅ ከፍ ብሎ ደጋው ላይ ያርሳሉ። ቦታው ከስሜን ተራሮች ፓርክ ክልል ውጪ ነው። ከማሳው በላይ ያለው ተዳፋት ግን አሁንም አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ ለብሷል። ከአስታው ሥር ያለውን አፈር ያየ ሰው ይገረማል። ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ደግሞ በጣም ቀላል። በአካፋ ሲያነሱት ክብደቱ አይሰማም። በበጋ እንኳ ትንሽ ጠለቅ ተደርጎ ሲቆፈር እርጥብ ነው።

ከዚሁ ተዳፋት ታችኛው ጥግ ተመንጥሮ ድንች ተተክሎበታል። መጀመሪያ የወጣው ድንች ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ከዚያ በየዓመቱ እያነሰ መጣ። ገብስም ተዘራበት፣ ቀጭጮ ቀረ። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ቢጨመርም የታየው ለውጥ ከወጪው ጋር አይመጣጠንም። አሁን አፈሩ ሲደርቅ ይቦናል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ውሃው ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ላዩን ይዞት ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ ጫካው ውስጥ ግን ያው ዝናብ እዚያው ይሰምጣል።

አጎቴ «ያኛው ደክሟል፣ ከፍ ብለን ሌላ እንመንጥር» ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ግን በምን ላሳምነው? ትምህርት ቤት የተማርነው የእሳተ ገሞራ አፈር ለም ነው ተብሎ ነው። ለም ከሆነ እንዴት በዚህ ፍጥነት ይደክማል? የደከመውን መሬት የሚመልስ ነገርስ አለ?

አፈር መርማሪ፦

ጥሩ አድርገህ ነው ያየኸው። ከገለጽከው ተነስቼ ስናገር ይህ አንዶሶል የሚባለው የአፈር ዓይነት ነው። ስሜን ላይ በደጋውና በውርጩ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው።

መነሻው አለቱ ነው። የስሜን ተራራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ተደራርቦ የሠራው ባዛልት ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ አፈር እንዲኖር በቅርብ ጊዜ የወደቀ አመድ ያስፈልጋል ብሎ ያስባል። የግድ አይደለም። ባዛልቱ በብርድና በእርጥበት ውስጥ ቀስ እያለ ሲፈርስ፣ ከላይ ደግሞ ቅጠሉ ሳያቋርጥ ሲረግፍ፣ ከአለቱ የሚለቀቀው አሉሚኒየምና ብረት ከብስባሹ ጋር ይተሳሰራል። ይህ ትስስር ብስባሹን ከተህዋስያን ይከልለዋል። ብርዱም መበስበሱን ያዘገየዋል። እንዲህ እያለ ለብዙ መቶ ዓመታት ይከማቻል። ጥቁረቱም ከዚያ የመጣ ነው።

ቀላልነቱም ምክንያት አለው። ተራ የእርሻ አፈር አንድ ሊትር ያህሉ ደርቆ ቢመዘን ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። አንዶሶል ከ0.9 ኪሎ በታች ነው። የቀረው ቦታ ሁሉ ጥቃቅን ቀዳዳ ነው፣ ውሃና አየር የሚቀመጡበት። ስለዚህ ከጫካ ሥር እያለ ከደረቅ ክብደቱ ጋር የሚስተካከል ውሃ ሊይዝ ይችላል። በበጋ እርጥብ ሆኖ ያገኘኸው ለዚህ ነው፤ ከታች ያሉት ምንጮች በበጋ የማይደርቁትም አንድም በዚህ ነው። አስታው ደግሞ በበኩሉ ጉሙን በቅጠሉና በላዩ በሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት እየያዘ ጠብ ጠብ ያደርግለታል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ለም ነው ወይ? ለሥር እጅግ የሚመች አፈር ነው፤ ምግብ ለመልቀቅ ግን ይሰስታል። ዋናው ችግር ፎስፈረስ ነው። ያ ብስባሹን የያዘው አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረስንም አጥብቆ ይይዛል። በዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ ከአንዶሶል መለያዎች አንዱ ራሱ ይህ ነው፤ አፈሩ ከቀረበለት ፎስፌት 85 በመቶውንና ከዚያ በላይ የሚይዝ መሆን አለበት። እንግዲህ ማዳበሪያውን ማሳው ላይ ስትበትነው ፎስፈረሱ ወዴት እንደሚሄድ አስበው። አፈሩ ውስጥ አለ፣ ሰብሉ ግን አያገኘውም።

ታዲያ የመጀመሪያው ድንች ለምን አማረ? ሲመነጠር ቅጠሉና ቅርንጫፉ ሳይቃጠል አይቀርም። አመዱ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ጥቂት ፎስፈረስ ይሰጣል፣ ለጊዜውም አሲዱን ያበርዳል። ማረሻ ሲገባ ደግሞ አፈሩ አየር አግኝቶ ብስባሹ በፍጥነት መበስበስ ይጀምራል፣ ናይትሮጅን ይለቃል። ድንቹ የበላው ይህንን ነው። ጫካው ለዘመናት ያጠራቀመውን በጥቂት ክረምት ጨረሰው። ከላይ የሚረግፍ ቅጠል ስለሌለ የሚተካው የለም።

መቡነኑ ከሁሉም ያሳስበኛል። አንዶሶል ፀሐይ በቀጥታ አግኝቶት ክፉኛ ከደረቀ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ቅንጣቶቹ ተኮማትረው ጠንካራ ጥቃቅን ፍሬ ይሆናሉ፣ ውሃ መጠጣት እምቢ ይላሉ። ቀላል ስለሆኑ ደግሞ ጎርፍ ሲመጣ ተንሳፍፈው ይሄዳሉ፣ ነፋስም ይወስዳቸዋል። ሃንስ ሁርኒ የሚባሉት የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስሜን ውስጥ የአፈር መሸርሸርን አጥንተዋል። ጅንባር ሸለቆ ላይ የታየው ነገር አንተ ከምትለው ጋር አንድ ነው። ገብስ በሚታረስበት ተዳፋት ጥቁሩ አፈር እየሳሳ ይሄዳል፣ ሣርና አስታ በለበሰው ላይ ግን ቦታውን ይዞ ይቆያል።

ለአጎትህ እንዲህ በለው፤ ከፍ ብላችሁ ብትመነጥሩ የምታገኙት ያንኑ አጭር ምርት ነው። ከዚያስ ወዴት ትወጣላችሁ? በላይ ገደሉና ጅብራው ነው ያለው።

መረሬ፦

አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛም ጋ ጥቁር አፈር አለ፣ በጣም ለም ነው። ስንዴ፣ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ሁሉን ያበቅላል። ይህም ከባዛልት የመጣ ነው ይባላል። ያ ለምን አይደክምም?

አፈር መርማሪ፦

መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ሌላ አፈር ነው፣ ቀለሙ ብቻ አያታልልህ። አለቱ ያው ባዛልት ሊሆን ይችላል። የሚለየው ከፍታው፣ ሙቀቱና የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ሜዳ ላይ ውሃ ስለሚተኛ፣ ከላይ ታጥቦ የሚመጣው ካልሲየምና ማግኒዚየምም እዚያው ስለሚጠራቀም ከባድና የሚያብጥ ሸክላ ይሆናል። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እግር ይይዛል። አንዶሶል አይሰነጠቅም፣ አይጣበቅም። እርጥቡን በጣቶችህ መሃል ብታሸው ያሟልጫል፣ ጠበቅ ስታደርገውም ውሃ ይወጣዋል። ከሁለቱ መሃል ደግሞ በወይና ደጋው ተዳፋት ላይ ጥልቁ ቀይ አፈር፣ ኒቲሶል፣ አለ። አንድ ተራራ ከላይ እስከ ታች ብትወርድ ሦስቱንም ልታገኝ ትችላለህ።

የሃረና ልጅ፦

እኔ ከባሌ ነኝ። ሰነቴ አምባ ላይ 4,000 ሜትር ገደማ ሆነህ ወደ ደቡብ ስትወርድ ሃረና ጫካ ይጀምራል። መጀመሪያ አስታ፣ ከዚያ ኮሶና ቀርከሃ፣ እየወረድክ ስትሄድ ትልልቆቹ ዛፎች፣ በመጨረሻም ከጥላ ሥር የጫካ ቡና። ተራራው እሳተ ገሞራ የሠራው ነው፣ አፈሩም ከላይ ጥቁር ሆኖ ወደ ታች እየቀላ ይሄዳል። የእኛ ሰው ከጫካው የሚጠቀመው ዛፉን ሳይጥል ነው፣ ቡናና ማር። ቡናው ያለ ማዳበሪያ ያፈራል፤ ምክንያቱም ከላዩ የሚረግፈው ቅጠል ፎስፈረሱን በብስባሽ መልክ ያዞረዋል፣ አፈሩ ጠልፎ ከማስቀረቱ በፊት ሥሩ ይደርስበታል። ኪሊማንጃሮ ተዳፋት ላይ የቻጋ ሕዝብ ቡናና ሙዝ ከዛፍ ሥር ቀላቅሎ ለትውልዶች ያረሰውም በዚሁ መንገድ ነው። የከብቱ ፍግ ወደ አትክልቱ ይመለሳል፣ መሬቱ እርቃኑን አይቀርም።

ሆኖም እኛም ጋ እየተመነጠረ ያለ ቦታ አለ፣ ያሳዝናል። ወልመል ወንዝ ከዚሁ ጫካ ነው የሚነሳው። ታች ቆላ ያለው ከብት አርቢ በበጋ የሚጠጣው ይህ አፈር ይዞ ያቆየለትን ውሃ ነው።

እውነቱን እንነጋገር፦

የምትሉት ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ደባርቅ ደጋ ላይ ቡና የለም፣ ሙዝ የለም። ውርጭ ነው ያለው። ሰውየው ልጆች አሉት፣ መሬቱ ጠባብ ነው። «አትመንጥር» ብቻ ብላችሁ ብትተዉት ምን ይብላ? ኩበቱን እንኳ ማሳ ላይ እንዳያደርገው ማገዶ ነው። ለዚህ መልስ ካልሰጣችሁ አጎትየው ነገ መጥረቢያውን ያነሳል፣ እኔም በእሱ አልፈርድም።

የቀድሞ ልማት ሠራተኛ፦

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ጥያቄው መመለስ አለበት። ደጋ ላይ ብዙ ዓመት ልማት ጣቢያ ሠርቻለሁ። የደከመውን መሬት መርዳት ይቻላል፣ እንደ ድሮው ባይሆንም።

ማገዶው ይቅደም። ኩበት ከምድጃ ካልተላቀቀ አፈሩ አያገግምም። ከማሳና ከምንጭ ራቅ ያለ ጥግ ላይ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ይተከል። ባህር ዛፍም ቢሆን ችግር የለም፣ ቦታው ከተመረጠ። እርከኑ ጠርዝ ላይ ትሪ ሉሰርን ይተከል፣ ብርዱን ይችላል፣ ለከብት መኖ ይሆናል፣ ናይትሮጅንም ይሰጣል።

ፍጉና ብስባሹ ማሳው ላይ ሳይሰስቱ ይደረግ፣ በተለይ ድንቹ ጉድጓድ ውስጥ። ማዳበሪያውን አትበትኑት። በመስመር፣ ከዘሩ አጠገብ፣ ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ይግባ። ማዳበሪያው ከአፈሩ ጋር በሰፊው ካልተነካካ የሚጠለፈው ፎስፈረስ ያንሳል። ይህች ብቻ ለውጥ ታመጣለች።

ሌላው ፈሰስ ነው። ብዙ ገበሬ ውሃ እንዲወጣለት ቁልቁል ፈሰስ ያወጣል። በዚህ አፈር ላይ ፈሰሱ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። እርከን ይሠራ፣ ትልሙ አግድም ይሁን። ከአጨዳ በኋላ ገለባው ሁሉ አይለቀም፣ የተወሰነው መሬቱን ሸፍኖ ይክረም፤ ዋናው ጉዳይ ፀሐይ እንዳያገኘው ነው። ከሁሉም ቁልቁል የሆነውን ክፍል ማረሱን ተዉትና ሣር ይሁን፣ እያጨዳችሁ ከብት አድልቡበት።

ከጃፓን፦

ትንሽ ልጨምር። ጃፓን ውስጥ ይህ አፈር የአገሩን መሬት 30 በመቶ ገደማ ይሸፍናል። ሩዝ ከማይዘራበት እርሻ ደግሞ ግማሽ ያህሉ በዚህ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ እንደ መጥፎ መሬት ይቆጠር ነበር፣ ብዙው ሣርና ጫካ ሆኖ ቆይቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት ሲያለሙት ኖራና ብዙ ፎስፈረስ ከፍግ ጋር እያፈሰሱ ነው የሠሩት። ዛሬ ድንቹ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጎመኑ ይወጣበታል። ስለዚህ ይቻላል፣ ግን በብዙ ገንዘብ ነው። ያንን አቅም የሌለው ገበሬ ተፈጥሮ ያስቀመጠለትን ብስባሽ መጠበቁ ይረክስለታል።

የደባርቅ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአጎቴ በስልክ አንብቤለታለሁ። የማገዶውና የማዳበሪያው ነገር ገብቶታል፤ «ፈሰሱን ለመተው ግን ከጎን ያለው ማሳም መተው አለበት፣ አለበለዚያ የእሱ ውሃ በእኔ ላይ ይመጣል» አለ። እውነቱን ነው መሰለኝ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ ኖራ ነው። ቀበሌው ላይ እንደሚገኝ ሰምቷል። ድንቹ ላይ ይጨምር ወይስ ገብሱ ላይ? መጠኑስ ስንት ነው?

የቀድሞ ልማት ሠራተኛ፦

ስለ ፈሰሱ አጎትህ ልክ ናቸው። ከጎረቤታቸው ጋር ተነጋግረው ከላይኛው ማሳ ይጀምሩ፤ ተፋሰስ ሥራ ከላይ ወደ ታች ነው።

ኖራውን ለገብስና ለባቄላ ያድርጉት። ሁለቱም አሲድና የተለቀቀ አሉሚኒየም አይችሉም፣ ገብሱ የቀጨጨው አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ድንች አሲድ ይችላል፤ ኖራ ሲበዛበት እንዲያውም ልጣጩ ላይ እከክ የሚመስል በሽታ ይመጣል። ስለዚህ በድንቹ ዓመት ኖራ አይጨመር፣ ድንቹ ከተነሳ በኋላ ለሚቀጥለው ገብስ ይደረግ፣ ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ ከአፈሩ ጋር በደንብ ተቀላቅሎ።

መጠኑን ሳልመረምር አልነግርህም። ይህ አፈር ብስባሹ ብዙ ስለሆነ ከሌላው አፈር ይልቅ ብዙ ኖራ ይፈልጋል፣ ለቀይ አፈር የተሰላው መጠን አይሠራለትም። ከማሳው ከተለያየ ቦታ፣ ማረሻ እስከሚደርስበት ጥልቀት፣ አፈር ወስደው ይቀላቅሉና ለወረዳው ግብርና ባለሙያ ይስጡ። ከጫካው ሥርም ለብቻው አንድ ናሙና ይጨመር፣ ልዩነቱን አጎትህ በወረቀት ላይ ያዩታል። ናሙናው ላብራቶሪ ሳይደርስ ፀሐይ ላይ እንዳይሰጣ አደራ።