ይሄ የክረምት ፍቅር ልብወለድ እኔን ብቻ ነው ያናደደኝ?

ለታናሽ እህቴ የገዛሁትን እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ ቀድሜያት ጨረስኩት። ልጅቷ ለእረፍት ባሕር ዳርቻ ትሄዳለች (ጣና እንዳይመስላችሁ)። ገጽ 40 ላይ አንዱን ልጅ አፈቀረች። ለምን? ጸጉሩ ስለረጠበ! ከዚያ ባልተነበበ ቴክስት ሦስት ምዕራፍ ኩርፊያ። አቦ፣ አንዴ ብትደውል ያልቅ ነበር።

መልስ 1፦ አርጅተሽ ነው ሃሃ። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ እንደ ሀብሐብ ነው፤ በልተሽ ፍሬውን ትተፊያለሽ።

መልስ 2፦ እኔን ያናደደችኝ እናትየዋ ናት። ልጇ ሌሊት ስትገባ «የት ነበርሽ?» እንኳን አትልም። እኛ ሰፈር ቢሆን ወሬው ቀድሟት ቤት ይገባል።

ጠያቂዋ፦ እውነትሽን ነው። የድሬ ክረምት ቢጻፍ እኮ ደቻቱ ወንዝ አለ። አሸዋ ሆኖ ከርሞ ነሐሴ ላይ ድንገት ይሞላል፤ እሱ ወዲያ ማዶ፣ እሷ ወዲህ። መለያየት ማለት ይሄ ነው! እህቴ ግን በአንድ ቀን ጨርሳ «ክፍል 2 አምጪ» እያለችኝ ነው።