የስኪና የስኖውቦርድ ፎቶ ስንመርጥ ምኑን እንይ?

ሱሉልታ_ማለዳ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እዚህ ሱሉልታ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰባሰብ የፎቶ ቡድን አለን፤ ለመጪው ወር የስኪና የስኖውቦርድ (ጥንድ ረጅም ዘንግ ወይም አንድ ሰሌዳ እግር ላይ ታስሮ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ስፖርት) ፎቶዎችን በትልቁ አሳትመን ልንሰቅል ነው። 60 ያህል ተሰብስቧል፣ ግድግዳው የሚበቃው ግን ለ12 ብቻ ነው። እስካሁን ድምፁን ሁሉ የወሰደው ከፍ ብሎ የዘለለ ሰው ነው። በዚሁ ከቀጠልን 12ቱም ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ሊሆኑ ነው። ክምሩ ውስጥ ከዚያ የሚሻሉ አሉ፤ ለምን እንደሚሻሉ ለልጆቹ በቃላት ማስረዳት ነው የተፈለገው።

«ስፖርቱ የኛ አይደለም» ለሚል መልስ አለን፦ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። ለእሱ የሚሆን ቦታም ግድግዳው ላይ ይኖራል።

ጥያቄዬ፦ አንድ የስኪ ፎቶ ጥሩ የሚባለው ምኑ ታይቶ ነው? አንሺውስ ምን ሠርቶ ነው እዚያ የደረሰው? ከዚያ ውስጥ በረዶ በሌለበት፣ በኛ ሜዳና ዳገት ላይ ልንለማመደው የምንችለው የቱን ነው?


ባለቴሌ፦

ወዳጄ፣ ምርጫውን ከዝላዩ ከፍታ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሰውየው ከየት እንደተነሳ፣ የት እንደሚያርፍና ቁልቁለቱ ምን ያህል የቆመ እንደሆነ ፈልጉ። ከኋላው ሰማያዊ ሰማይ ብቻ ያለ ሰው 1 ሜትር ይዝለል 10 ሜትር አይታወቅም። የተነሳበት ጫፍና የሚያርፍበት ቁልቁለት አብረው ካሉ ግን ዓይን መንገዱን ራሱ ይሠራዋል፤ ልብ ድንግጥ የሚለው ያኔ ነው። ዋዮሚንግ ውስጥ ጃክሰን ሆል ላይ ኮርቤትስ ኩሏር የሚባል ቦታ አለ፤ በድንጋይ ግድግዳዎች መካከል ያለ ጠባብ ቁልቁለት ነው፣ የሚገባውም ከጫፉ ተዘሎ ነው። የዚያ ቦታ ፎቶ ካላችሁ ድንጋዩ ተቆርጦ የወጣበትን ጣሉት፤ ድንጋዩ ከሌለ ቦታው የለም።

ቁልቁለት ፎቶ ላይ በቀላሉ ይተኛል። ከታች ፊት ለፊት ወይም ከላይ ቁልቁል ከተነሳ ግድግዳ የሚያህለው ሜዳ ይመስላል፤ ዘንበል ማለቱ የሚነበበው ካሜራው ከጎን ሲያየው ነው። እዚህ ላይ ማጭበርበርም አለ፤ ካሜራውን አዘንብሎ ዳገቱን ማቆም። መፈተሻው ዛፍ ነው። ጥድ ዳገት ላይም ቢሆን ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚያድገው። ፎቶው ውስጥ ያሉት ዛፎች ሁሉ በአንድ ልክ ዘመም ካሉ የዘመመው ካሜራው ነው። እንጦጦ ያለውን ባሕር ዛፍ አስቡት፤ መሬቱ የቱንም ያህል ቢያዘነብል ግንዱ ቱንቢ ነው።

ቀጥሎ የሰውነት አቋም። የስኖውቦርድ ልጆች አየር ላይ ቦርዱን በእጅ ይይዛሉ። ሜተድ በሚባለው አያያዝ የፊተኛው እጅ ቦርዱን በተረከዝ በኩል ይጨብጣል፣ ጉልበት ይታጠፍና ቦርዱ ከጀርባ ወደ ላይ ይሳባል። እጁ ቦርዱ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የተነሳው ፎቶ የሚወድቅ ሰው ነው የሚመስለው። ጣቶቹ ቦርዱን ጨብጠው፣ ዓይኑ ማረፊያውን እያየ ያለበትን ፈልጉ።

ከፎቶው በስተጀርባ ያለውን ሥራም ለልጆቹ ንገሯቸው። ያልተረገጠ በረዶ ላይ አንድ ጊዜ ከተወረደ ፈለጉ ይቀራል፣ እዚያው ላይ መድገም የለም። ስለዚህ አንሺውና ወራጁ አስቀድመው በሬዲዮ ይነጋገራሉ፦ ከድንጋዩ በስተግራ፣ ሁለተኛው ዛፍ ጋ ስትደርስ ታጠፍ። ናዳ በሚያሰጋበት ቦታ አንሺውም እንደ ወራጁ የተቀበረ ሰው መፈለጊያ መሣሪያ፣ አካፋና ረጅም መውጊያ ዘንግ ተሸክሞ ነው የሚወጣው።


ነጭና_ሰማያዊ፦

የባለቴሌን ሐሳብ እጋራለሁ፣ እኔ ግን አስቀድሜ የማየው በረዶውን ነው። በረዶው አመድ ከመሰለ ወይም እንደ ባዶ ወረቀት ከነጣ፣ ዝላዩ የፈለገውን ቢያምር አይሰቀል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የካሜራው ብርሃን ለኪ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ነው የሚያመጣው። ሙሉ ነጭ ሲያሳዩት «በዛ» ብሎ ይቀንሳል፣ በረዶው አመድ ይሆናል። ስለዚህ አንሺው ከ1 እስከ 2 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው) ይጨምራል። ሲያበዛው ደግሞ ቅንጣቱ ይጠፋል፤ ጠፍቶ የነጣ ቦታ በራው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው) ፋይልም ቢሆን አይመለስም። ጠራራ ፀሐይ ላይ ብዙዎች በእጅ ያስተካክሉታል፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 400፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8፣ ሹተር ስፒድ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/3200 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው መጣ ተብሎ አይቀየርም፤ ብርሃኑ ያው ነውና።

ጥላው ሰማያዊ ቢሆን ስህተት አይደለም። ፀሐይ ያልደረሰበትን በረዶ የሚያበራው ሰማይ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያን ሰማያዊ አጥፍቶ ሁሉንም ነጭ ያደረገ ሰው ቅዝቃዜውንም አብሮ አጥፍቶታል።

አንድ ፎቶ ቀረብ ብላችሁ ስትመረምሩ ከስኪው ጠርዝ የሚነሳውን ብናኝ እዩ። ፀሐይ ከአንሺው ጀርባ ከሆነች ብናኙ ነጭ ላይ ነጭ ነው፣ አይታይም። ፀሐይ ከወራጁ ጀርባ ወይም ከጎኑ፣ ከኋላ ደግሞ ጥላ ያለበት ገደል ወይም ደን ከሆነ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ትበራለች፣ ከታጠፈበት እስከ ትከሻው የሚደርስ መጋረጃ ይሠራል። ሰውየው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚፈጥን የሚነግረን ያ መጋረጃ ነው። እኔ ብሆን ከ12ቱ ቢያንስ 4 እንዲህ ያሉት ይሁኑ እላለሁ።


ፍሬም_በፍሬም፦

አጭር ነገር ልጨምር። አንዱን ሰው በአንድ ፎቶ ላይ ስድስትና ሰባት ጊዜ የሚያሳዩ ተከታታይ ፎቶዎች ካሏችሁ፣ ከብዙ ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀጠሉ መሆናቸው ከሥሩ ይጻፍ። አሠራሩ የሚያሳፍር አይደለም፤ መደበቁ ነው የሚያስከፋው። በእኩል ፍጥነት ከጎን የተነሱና ፍሬም ያልተዘለለባቸው ከሆኑ አየር ላይ ባሉት ምስሎች መካከል ያለው አግድም ርቀት ከሞላ ጎደል እኩል ይሆናል፣ የከፍታው ልዩነት ደግሞ የዝላዩ ከፍተኛ ነጥብ ላይ ይጠባል። ይህ ከተዛባ አንድ ምስል ተነስቶ ሌላ ቦታ ተለጥፏል። ጥላቸውም በአንድ አቅጣጫ መውደቅ አለበት።

ቦርዱ እንደ ሙዝ ጎብጦ የሚታይበት ፎቶም ያጋጥማችኋል። ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሮኒክ ሹተር (መዝጊያ ሳይንቀሳቀስ የሚያነሳው) ጣጣ ነው። ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ የካሜራ ክፍል) ምስሉን ከላይ ወደ ታች አንብቦ ለመጨረስ 1/30 ሰከንድ ከፈጀበት፣ በሰከንድ 15 ሜትር የሚሄድ ሰው በዚያ መሐል ግማሽ ሜትር ይሄዳል። የፍሬሙን ቁመት ሲሶ የያዘ ሰው ከራሱ እስከ እግሩ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ይንሻፈፋል ማለት ነው። ሹተር ስፒዱን 1/8000 ብታደርጉትም አያድነውም፤ መድኃኒቱ ሜካኒካል ሹተር (የሚንቀሳቀስ መዝጊያ ያለው) ነው።


ሱሉልታ_ማለዳ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ልጆቹ ክምሩን እንደገና መደርደር ጀምረዋል። ስለ ልምምዱም ንገሩን። በእጃችን ያለው ሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ሆኖ በሰከንድ 10 ፍሬም የሚያነሳ፣ ሌንሱ 70-200 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ነው። በ1/500 ከእንጦጦ የሚወርዱ ብስክሌተኞችን ስናነሳ ግማሹ ብዥ ይላል፣ ጥርት ያለው ላይ ደግሞ ሰውየው ከፍሬሙ ሊወጣ ሲል ነው የምንይዘው።


ባለቴሌ፦

ብዥታው ሁለት ዓይነት ነው፣ መጀመሪያ ለዩት። ድንጋዩና ሣሩ ጥርት ብለው ሰውየው ብቻ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ከተሰረዘ ሹተሩ ዘግይቷል። ሰውየው ብዥ ብሎ ከኋላው ወይም ከፊቱ ያለው መሬት ከጠራ ፎከሱ ስቷል።

ለመጀመሪያው ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 15 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በ1/500 ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር፣ በ1/1000 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ በ1/2000 7.5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። በጎን ለሚያልፍ ሰው ከ1/1600 በታች አትውረዱ። ወደ ካሜራው ለሚመጣ 1/1000 ሊበቃ ይችላል፣ ምክንያቱም ምስሉ ፍሬሙ ላይ ብዙ አይንሸራተትም፤ ያኔ የሚፈተነው ፎከሱ ነው።

ለፎከሱ፣ በ200 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 4፣ 20 ሜትር ላይ ያለ ነገር ጥርት የሚልበት ጥልቀት 2.4 ሜትር ገደማ ነው። በሰከንድ 15 ሜትር ፍጥነት በሁለት ፍሬም መካከል ሰውየው 1.5 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ፎከስ አስሮ መጠበቅ የሚሰጣችሁ 1 ወይም 2 ጥርት ያለ ፍሬም ነው። መንገዱ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ፣ ድንጋዩ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ ወደ ማንዋል (በእጅ የሚስተካከል) ቀይሩት፣ ሰውየው ድንጋዩ ጋ ሊደርስ አንድ ሁለት ሜትር ሲቀረው ተጫኑ። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ የተጫነ ጣት ሁልጊዜ ዘግይቷል፤ ከፍሬሙ ሊወጣ ሲል የምትይዙት ለዚህ ነው። ተከታታይ ፎከስ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ዒላማው ቦታ ከመድረሱ 1 ሰከንድ ያህል አስቀድሞ ካሜራው እንዲከተለው ጀምሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው በርስቱ (በተከታታይ ማንሳቱ)።

ዝላይ ላይ ግን ተፈጥሮ ትረዳችኋለች። የዝላዩ ከፍተኛ ነጥብ ላይ ከመድረሱ በፊት ባለው 0.1 ሰከንድና ከዚያ በኋላ ባለው 0.1 ሰከንድ ውስጥ ሰውየው ከከፍተኛው ነጥብ የሚለየው በ5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ10 ፍሬም ከ2 እስከ 3 ፎቶ እዚያ ውስጥ ይወድቃል።


የሰንዳፋ_አውድማ፦

የብናኙን ነገር ለመለማመድ በረዶ አያስፈልጋችሁም፣ አውድማ ሂዱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰንዳፋ አካባቢ ምርት ሲዘራ፣ ነፋሱ ሲነሳ፣ ከቀኑ 10፡00 በኋላ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል፣ በላይዳ የሚወረወረው እብቅ ልክ ነጭና_ሰማያዊ እንዳለው መጋረጃ ነው። መጀመሪያ ባለአውድማውን አስፈቅዱ። ፀሐይዋን ከሚያዘራው ሰው ጀርባ አድርጉ፣ ከኋላው ደግሞ ጥላ የያዘ የባሕር ዛፍ ረድፍ ወይም ጨለም ያለ ክምር ይሁን። ሰማይ ከሆነ እብቁ ይጠፋል። አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 4፣ 1/1600 ጀምሩና በሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት በሚያሳየው የካሜራው ግራፍ) አስተካክሉ። እህሉ ቀጥ ብሎ ሲወድቅ እብቁ ወደ ጎን ሲሄድ፣ ሁለቱ የሚለያዩባት ቅጽበት አለች፤ እሷን መጠበቅ የስኪ አንሺ ትዕግሥት ነው።

ነፋሱ በሚነፍስበት በኩል አትቁሙ፣ እዚያ ሌንስ መቀየር ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። በረዶ ይቀልጣል፣ እብቅና አቧራ ግን ሴንሰሩ ላይ ይቀመጣል፣ በኤፍ 11 ሰማይ ስታነሱ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ካሜራውን ፌስታል አልብሱት፣ የሌንሱን አፍ ብቻ አውጡ። ከገባም በአፍ እፍ አይባልም፣ ምራቅ ይጨምርበታል፤ በጎማ መንፊያ ነው።

ማለዳ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚሮጡትን ደግሞ በተቃራኒው ተለማመዱባቸው፤ 1/60 ላይ አድርጋችሁ ካሜራውን ከወገባችሁ እያዞራችሁ ተከተሏቸው። ፊት ጥርት ብሎ ሣሩ መስመር ሲሆን ፍጥነቱ ይታያል። ከ30 አንዱ ቢሳካ መልካም ነው። መንገዳቸው ላይ ብቻ አትቁሙባቸው፣ ልምምድ ላይ ናቸው።


ሱሉልታ_ማለዳ፦

አውድማው ለገና ሳምንት ተያዘ። ከ60ው ውስጥ ሰማይ ብቻ ያለባቸው 23 ወጥተዋል። ኅትመቱ ላይ የምንጠነቀቀው ነገር ካለ?


ነጭና_ሰማያዊ፦

አለ። ስክሪን ላይ ያማረ በረዶ ወረቀት ላይ ይጨልማል፣ ስክሪን ራሱ ያበራልና። ስክሪናችሁን ወደ ግማሽ ብርሃን አውርዳችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ከትልቁ በፊት ሦስት ፎቶ ብቻ በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳትሙ፦ አንድ ጠራራ ፀሐይ ያለበት፣ አንድ ጥላ የበዛበት፣ አንድ ከጀርባ ብርሃን ያለው። ፎቶዎቹ በሚሰቀሉበት ግድግዳ ላይ፣ በዚያው አምፖል ሥር እዩአቸው። አምፖሉ ቢጫ ከሆነ የሰማያዊው ጥላ ቀለም ይለወጣል፤ ፋይሉን ከመነካካት አምፖሉን መቀየር ይሻላል። ማተሚያ ቤቱን ደግሞ «ራሱ የሚያስተካክለውን አጥፉልን» በሉት፤ ካልተባለ ማሽኑ ነጩን ሲያይ ልክ እንደ ካሜራው ያጨልመዋል። የሚያብለጨልጭ ወረቀት አትምረጡ፣ መስኮት ፊት ለፊት ከተሰቀለ ከበረዶው ይልቅ መስኮቱ ነው የሚታየው።