የሆስፒታል ኮከብ ለእናቴ ምን ይነግረኛል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ጉልበቷ መቀየር አለበት ተብላለች። 68 ዓመቷ ነው፣ እንግሊዝኛ አትችልም። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሐኪሟ ሦስት ሆስፒታሎች ጠቁሞናል። ኢንተርኔት ላይ ሳይ አንዱ ሆስፒታል አንድ ቦታ አምስት ኮከብ አለው፣ ሌላ ቦታ ደግሞ «ሲ» ተሰጥቶታል። ግራ ገባኝ። የቱን ልመን?

መልስ፦
ወንድሜ፣ እናትህን እግዜር ይማርልህ።

ኮከቡንና ፊደሉን የሚሰጡት የተለያዩ ናቸው። ኮከቡ የመንግሥት ነው። ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) «ኬር ኮምፔር» በሚባለው የኢንተርኔት ገጹ ላይ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ፊደሉን የሚሰጠው ሊፕፍሮግ የሚባል መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ከኤ እስከ ኤፍ ያወጣል። ሊፕፍሮግ የሚያየው የታካሚውን ደህንነት ብቻ ነው፦ ኢንፌክሽን፣ መውደቅ፣ የቀዶ ሕክምና ስህተት። ሜዲኬር ግን ሞትን፣ ወጥቶ ተመልሶ መተኛትን፣ ደህንነትን፣ በጊዜ መታከምንና የታካሚ አስተያየትን አንድ ላይ ደምሮ ነው ኮከብ የሚሰጠው። ስለዚህ አንዱም አልዋሸህም።

ኮከቡ ላይ ግን አትቁም። ለልብ ሕመም የተመሰገነ ሆስፒታል ለጉልበት ላይሆን ይችላል። ኬር ኮምፔር ላይ የሆስፒታሉን ስም ተጫንና ስለ ኮምፕሊኬሽን (ከሕክምና በኋላ ስለሚመጣ ችግር) እና ስለ ሞት ወደሚለው ክፍል ውረድ። ዳሌና ጉልበት ያስቀየሩ ሰዎች ምን ያህሉ ችግር እንደገጠማቸው ለብቻው ተጽፏል። የተሰበሰበው ከ65 ዓመት በላይ ካሉ የሜዲኬር ታካሚዎች ስለሆነ እናትህን ይመለከታቸዋል።

ገጹ ብዙዎቹን ሆስፒታሎች «ከአገሪቱ አማካይ አይለይም» ነው የሚላቸው። ሦስቱም እንደዚያ ከሆኑ ቁጥር ስታነጻጽር አትደር። ሐኪሙን «በዓመት ስንት ጉልበት ትቀይራለህ?» ብለህ ጠይቀው። ብዙ የሠራ እጅ ይሻላል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። እኔ እናቴን ያሳከምኩበት ሆስፒታል አምስት ኮከብ ነበረው። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። የምትወጣ ቀን እኔ መኪና ላመጣ ስወርድ ነርሷ አምስት ስድስት ገጽ ወረቀት ይዛ መጥታ በእንግሊዝኛ አነበበችላት። ስመለስ እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ» ትላታለች። ነርሷም የገባት መስሏት አስፈርማታለች። በሦስተኛው ቀን ነው የደም ማቅጠኛውን ኪኒን ጠዋትም ማታም ስትወስድ እንደነበር ያወቅኩት። የታዘዘላት በቀን አንዴ ነበር። አምላክ ጠበቃት እንጂ።

ይሄ በየትኛውም ኮከብ ውስጥ አይታይም። ኮከቡ ውስጥ የሚደመረው የታካሚ አስተያየት የሚሰበሰበው ታካሚ ከወጣ በኋላ በሚላክ መጠይቅ ነው፦ ነርሶቹ በሚገባህ መንገድ አስረዱህ ወይ፣ ክፍሉ ንጹሕ ነበር ወይ፣ ማታ ጸጥታ ነበር ወይ ይላል። በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በቬትናምኛ፣ በዓረብኛ ተዘጋጅቷል። በአማርኛ የለም። እናቴ ያንን ወረቀት ቢልኩላትም ምን ብላ ትሞላዋለች?

ስለዚህ ሦስቱም ጋ ራስህ ደውል። «ለቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ፣ ለምትወጣበት ቀንና ለፊዚዮቴራፒ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዴት ታቀርባላችሁ? በአካል፣ በቪዲዮ ወይስ በስልክ?» በላቸው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «ዘመድ ይዛችሁ ኑ» ብሎ ማስገደድ አይችልም። መልሱን ፋይሏ ላይ እንዲጽፉት አድርግ። ስትወጣ ደግሞ ከአጠገቧ ንቅንቅ አትበል፣ መኪናውን ሌላ ሰው ያምጣው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ዛሬ ደወልኩ። አንዱ «ልጅ አላት አይደል? አንተ ታስረዳታለህ» አለኝ። ሁለተኛው ወደ ሌላ ቁጥር አስተላለፈኝ፣ የሚያነሳ የለም። ሦስተኛው በቪዲዮ እንደሚያቀርቡ ነግሮኝ እዚያው ስልክ ላይ እያለሁ ፋይሏ ላይ ጻፈው። ይሄኛው ኮከቡ አራት ነው፤ የጉልበቱ ቁጥር ከሌሎቹ አይለይም። ማክሰኞ ቀጠሮ ይዘናል።