በቤት ፕሪንተር ፖስታ ላይ አድራሻ ሲታተም ጽሑፉ ለምን ቦታውን ይስታል?

ጥያቄ፦ ከጣና ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ጎብኚዎችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚያመላልስ አነስተኛ የቤተሰብ ሥራ አለን። አዲስ አበባ ላሉ የጉዞ ወኪሎች ዋናውን ደረሰኝ በየወሩ በፖስታ ቤት በኩል የምንልክ ሲሆን፣ አድራሻውን እስካሁን በእጅ ስንጽፍ ቆይተን አሁን ቤት ባለችው ባለቀለም ፕሪንተር በማይክሮሶፍት ዎርድ ለማተም ወስነናል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ወደ ቀኝ ጠርዝ ይሸሻል፤ አንዳንዴም ተገልብጦ በክዳኑ በኩል ይታተማል። የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ፊደልም መልኩ አይመሳሰልም። የምንጠቀመው ኤ4 ወረቀት ለሦስት ታጥፎ የሚገባበትን ረጅሙን ነጭ ፖስታ ነው። የሚያውቅ ቢያስረዳን እናመሰግናለን።

መልስ፦ ከፔዳ አካባቢ

መፈተሽ ያለበት መጀመሪያ መጠኑ ነው። የገለጹት ፖስታ ዲኤል የሚባለው ሲሆን ልኩ 110 በ220 ሚሊ ሜትር ነው። ዎርድ ግን ቅንብሩ የአሜሪካን ልማድ የሚከተል ከሆነ «ሳይዝ 10» የተባለውን፣ ማለትም 105 በ241 ሚሊ ሜትር የሆነውን ፖስታ ይዞ ይነሣል። እጅዎ ላይ ካለው በ2 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም ፖስታ የተሰላ አድራሻ ወደ ጠርዝ ቢሸሽ አያስደንቅም። ስለዚህ «ሜይሊንግስ» ከሚለው ክፍል «ኤንቨሎፕስ»ን፣ ከዚያም «ኦፕሽንስ»ን ከፍተው ዲኤልን ይምረጡ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ካላገኙት ልኩን ራስዎ ያስገቡ። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የፕሪንተሩ የራሱ ማስተካከያ ኤ4 ላይ ከቆመ ሁለቱ ስለማይስማሙ፣ በፕሪንተሩ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥም ያንኑ መጠን መምረጥና የወረቀቱን ዓይነት «ኤንቨሎፕ» ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ተገልብጦ የሚታተመው ዎርድ ፖስታው ይገባበታል ብሎ የያዘው አቅጣጫና እርስዎ ያጎረሱበት አቅጣጫ ስለሚለያዩ ነው። በዚያው «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፕሪንቲንግ ኦፕሽንስ» የሚለው ገጽ አቅጣጫውን በትንንሽ ሥዕሎች ያሳያል። ፖስታ ከማባከን ይልቅ ኤ4 ወረቀት በፖስታው ልክ ቆርጠው፣ በአንዱ ፊት ላይ በእርሳስ ቀስት ሠርተው ያትሙበት፤ ጽሑፉ ከቀስቱ ጋር በአንድ ፊት መውጣቱንና ወዴት መዞሩን ሲያዩ ከሥዕሎቹ የትኛውን እንደሚመርጡ ይታወቃል። ከኋላ የሚጎርሱ ፕሪንተሮች አብዛኛውን ጊዜ ወደ እርስዎ በሚያየው ፊት ላይ ያትማሉ፤ ከታች ባለ መሳቢያ የሚጎርሱት ግን ወረቀቱን ውስጥ ስለሚያዞሩት ብዙዎቹ ወደ ታች የተደፋውን ፊት ያትማሉ።

ፊደሉን በተመለከተ፣ ለአድራሻው የተመደበው ፎንት የግእዝ ፊደል ከሌለው ኮምፒውተሩ አማርኛውን ከሌላ ፎንት እየተበደረ ይጽፈዋል። «ኤንቨሎፕ አድረስ» የተባለውን ስታይል (ዎርድ ለአድራሻው ያስቀመጠውን የጽሑፍ መልክ) ፎንቱን አንድ ጊዜ ኒያላ ወደተባለው የግእዝ ፎንት ቢለውጡት፣ ኒያላ የላቲን ፊደልም ስላለው ሁለቱም ጽሑፍ አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል።

መልስ፦ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ

ከላይ በተባለው ላይ የምጨምረው ስለ ፖስታው ራሱ ነው። እኛ በምንኖርበት ሐይቅ ዳር በክረምት ወራት አየሩ እርጥበት ስለሚይዝ፣ ሳይታሸግ የተቀመጠ ፖስታ ሙጫው ሳይታሰብ ክዳኑን ይለጥፈዋል፤ ወረቀቱም ስለሚጣመም ፕሪንተሩ ውስጥ ይሰነቀራል። በተዘጋ ፕላስቲክ ያስቀምጡት፤ ከማጉረስዎ በፊትም ጠርዙን በማስመሪያ ጫን ብለው ዳምጠው አየሩን ያስወጡለት። በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ ያጉርሱ። ወደፊት ሌዘር ፕሪንተር የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ የሚጣበቀው በከፍተኛ ሙቀት መሆኑን ያስቡበት፤ ባለ ፕላስቲክ መስኮት ፖስታ ወይም ለሌዘር ያልተሠራ ሙጫ ውስጡ ሊቀልጥ ይችላል።

መልስ፦ ሌላ አንባቢ

እኔ በቀጥታ ፖስታው ላይ ማተሙን አልደግፈውም። አድራሻዎቹን በሚለጠፍ የስቲከር ወረቀት ላይ በአንድ ገጽ ብዙ አድርጎ አትሞ መለጠፍ ይቀላል፤ ዎርድም ለዚህ «ሌብልስ» የሚል ቦታ አለው። ለመልክ ፖስታው ላይ የታተመው እንደሚያምር ግን አልክድም።

ከጠያቂው፦ ከጣና ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዲኤልን በሁለቱም ቦታ ስመርጥ አድራሻው መሐል ገብቷል። የወኪሎቹ ስምና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ኤክሴል ውስጥ ተመዝግቦ ሳለ፣ እያንዳንዱን እየገለበጥሁ መለጠፍ አለብኝ ወይ?

መልስ፦ ከፔዳ አካባቢ

የለብዎትም። በዚያው «ሜይሊንግስ» ክፍል፣ የስም ዝርዝርን ከሰነድ ጋር ከሚያዋህደው «ስታርት ሜይል መርጅ» ውስጥ «ኤንቨሎፕስ»ን መርጠው መጠኑን ያረጋግጡ፤ ቀጥሎ በ«ሲሌክት ሪሲፒየንትስ» የኤክሴሉን ፋይል ያገናኙና የድርጅቱን ስም፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩንና የከተማውን ስም በየመስመራቸው ያስገቡ። ፕሮግራሙ የሚያቀርበው የአድራሻ ቅርጽ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠብቃል፤ በእኛ አገር ደብዳቤው የሚደርሰው ፖስታ ሣጥን ድረስ ስለሆነ እነዚያን መተው ይቻላል፤ ዋናው የሣጥኑ ቁጥር ጎልቶ እንዲነበብ ማድረግ ነው። ሲጨርሱ በቀጥታ ከማተም ይልቅ «ኤዲት ኢንዲቪጁዋል ዶክዩመንትስ» የሚለውን ይምረጡ፤ ሁሉም ፖስታ በየገጹ ስለሚከፈትልዎ፣ ሁለት መስመር የያዘ ረጅም የድርጅት ስም ቁጥሩን ወደ ታች ገፍቶት እንደሆነ ቀለም ሳይባክን አይተው ያስተካክሉታል።