ሞስ ለተቀናቃኙ መመስከር ነበረበት?

ማርሽ አራት፦ ስለ ፎርሙላ ዋን ሹፌሩ ስተርሊንግ ሞስ ስንጨቃጨቅ ሰነበትን፣ እዚሁ እንጨርሰው። በፈረንጆቹ 1958፣ ፖርቱጋል፣ ፖርቶ ከተማ። ሞስ በቫንዎል መኪና አሸነፈ። ተቀናቃኙ የፌራሪው ማይክ ሆውቶርን ሁለተኛ ወጣ፤ ግን መኪናው ዞራ ሞተሯ ጠፍቶበት ስለነበር ሲያስነሳት "በተቃራኒ አቅጣጫ ሄዷል" ብለው ዳኞቹ ውጤቱን ሊሰርዙበት ሆነ። ሞስ ሄዶ መሰከረለት፦ በእግረኛ መንገዱ እንጂ በውድድሩ አስፋልት ላይ አልነበረም አለ። ውጤቱ ጸና። ዓመቱ ሲያልቅ ሆውቶርን በ42 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ፣ ሞስ 41። ጨዋነት ነው ሞኝነት?

የሂሳብ ሰው፦ ሞኝነት! ያኔ ለአንድ ሹፌር የሚያዘው ከዓመቱ ምርጥ 6 ውጤቱ ብቻ ነበር። ሆውቶርን ከፖርቶ ያገኘው ለሁለተኛነት 6፣ ለፈጣኑ ዙር 1፣ ድምሩ 7። ያ ቢሰረዝ በምትኩ ከአርጀንቲናው ውድድር ያገኘው 4 ነጥብ ይገባና 39 ላይ ይቆማል። 4 ውድድር ያሸነፈ ሰው 1 ብቻ ላሸነፈ ዋንጫውን ጠቅልሎ አጎረሰው።

እመት ጎማ፦ እና ያየውን አላየሁም ይበል? እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው። ዳኛ ፊት የምትቆመው የምታውቀውን ለመናገር እንጂ ነጥብ ለመደመር አይደለም።

ቤንዚን ቤንዚን፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ፖርቶ ላይ ቡድኑ ከፒት (ከመኪና መጠገኛው ቦታ) ያወጣለት ሰሌዳ ሆውቶርን የዙሩን ሪከርድ ሰበረ ይላል፣ ሞስ ግን አንዷን ፊደል አሳስቶ "እንደወትሮው እየነዳ ነው" ብሎ አነበባት። ስለዚህ ፈጣኑን ዙር ሊያስመልስ አልሞከረም። 1 ነጥብ ሄደች። በስንት ነበር የተሸነፈው?

የሂሳብ ሰው፦ ተው እንጂ፣ እሱማ ስህተት ነው። ምስክርነቱ ግን አውቆ የገባበት ነው።

ማርሽ አራት፦ እኔ ሁለቱንም አልከስም። በዚያ ዓመት ሞስ 5 ውድድር ሳይጨርስ ወጣ፤ ሞተር፣ ማግኔቶ (የሞተር ማቀጣጠያው)፣ ማርሽ ሳጥን። የመጨረሻው ካዛብላንካ ላይ ማድረግ የሚችለውን ሁሉ አደረገ፣ አሸነፈ፣ ፈጣኑንም ዙር ያዘ። ፌራሪዎች ግን ሌላው ሹፌራቸው ፊል ሂል ቦታውን ለሆውቶርን እንዲለቅ አደረጉና ሁለተኛነቱ ለዋንጫው በቃው። ይሄን ማን ያነሳል? ሁሉም ፖርቶ ፖርቶ።

እመት ጎማ፦ ሆውቶርንም ብዙ አልተደሰተባት። ወዲያው ውድድር አቆመ፣ በጥር 1959 እንግሊዝ አገር ተራ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ።

የሂሳብ ሰው፦ ነፍስ ይማር። ግን እኔ ብሆን ያን ቀን ሆቴሌ ገብቼ እተኛ ነበር።

እመት ጎማ፦ ካንተ ጋር ካርታ የማልጫወተው ለዚህ ነው።